ባለ 3 ፓውንዱ ተምብለር ለቤት ውስጥ ጌጥ ሠሪ፦ ከአልትራሶኒክ ማጠቢያው ጋር ሲመዘን

ከዱሮ ጌጦች ሰንሰለት፣ ፈርጥና መቆለፊያ እየፈቱ አዲስ ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች ከፒንሳና ከመቁረጫ ቀጥሎ የሚገዙት ማሽን የማጽጃ ነው። ምርጫው ብዙ ጊዜ በሁለት መካከል ይወድቃል። አንዱ በውሃ ውስጥ በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው አልትራሶኒክ ነው፤ ሌላው ጌጡን ከብረት እንክብል ጋር እያንከባለለ የሚያወለውለው ተምብለር። አብዛኛው ሰው አልትራሶኒኩን ያስቀድማል፤ ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ ውጤቱም በሦስት ደቂቃ ይታያል። ቤት ውስጥ ልጅ እያሳደገ ለሚሠራ ሰው ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ተምብለሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ ሰው አይፈልግም፤ ልጅ ሲጠራ ጥለውት ቢሄዱ የሚበላሽ ነገር የለም። አልትራሶኒኩ አጠገቡ ቆመው የሚጠብቁት ማሽን ነው፤ ያውም ለዱሮ ጌጥ ካላወቁበት ከሚያድነው የሚያጠፋው ይበዛል።

እዚህ የተገመገመው “ባለ 3 ፓውንድ” እየተባለ የሚሸጠው፣ አንድ የጎማ በርሜል ያለው ዓይነት ነው። ሦስት ፓውንድ 1.36 ኪሎ ግራም ነው። ገዢዎች የሚሳሳቱት መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ የጌጡን ክብደት የሚገልጽ ይመስላቸዋል። በርሜሉ ውስጥ የሚገባው የሁሉም ነገር ድምር ነው። 900 ግራም እንክብል፣ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 100 ግራም ጌጥ ሲደመር 1,250 ግራም ይመጣል፤ 110 ግራም ይተርፋል። እንክብሉ በ1 ኪሎ ከረጢት ተገዝቶ እንዳለ ከተገለበጠ ግን 1,350 ይሆናል፤ አንድ ወፍራም አምባር ሲጨመርበት ከልኩ ያልፋል። ያኔ በርሜሉን የሚያዞረው ቀበቶ ይንሸራተታል፣ በርሜሉ አንዴ እየዞረ አንዴ እየቆመ ያነክሳል፣ ሞተሩ ግን መዞሩን ስለማያቆም ይግላል። “በወሩ ተቃጠለ” የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። እንክብሉን አንዴ መዝኖ 900 ግራሙን መለየትና የተረፈውን በማሰሮ ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

እንክብሉ የማይዝግ ብረትና ቅይጥ ቅርጽ ይሁን፦ ክብ፣ ሞላላ እና እንደ መርፌ የሾለ። ክቡ ሜዳውን ይወለውላል፣ መርፌው ከቅርጻ ቅርጹ ሥር ይገባል። ርካሹ ተራ ብረት ነው፤ አንድ ሌሊት በእርጥቡ ከቆየ ይዝጋል፣ የዛገ እንክብል ደግሞ ጌጡን ይጭራል እንጂ አያወለውልም። ቀዳዳ የበዛበት ስስ የሽቦ ሥራ ካላችሁ መርፌዎቹን አውጥታችሁ በክቡ ብቻ ሥሩ፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ማውጫው ከጌጡ ሥራ በላይ ሰዓት ይበላል።

አዲስ በርሜል እንደተገዛ ለሥራ አይሆንም። ጎማው ጥቁር ዱቄት ይለቃል፣ እንክብሉም የፋብሪካ ዘይት አለበት። ጌጥ ሳይገባ እንክብል፣ ውሃና ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጎ ለአንድ ሰዓት ማዞር፣ መድፋት፣ ውሃው ጥርት እስኪል መድገም ያስፈልጋል። አንዳንዱ በርሜል በሁለት ዙር ይጠራል፣ አንዳንዱ አምስት ዙር ይጠይቃል። ይህን የዘለለ ሰው የብር ሰንሰለቱን እንደ እርሳስ ጠቁሮ ያገኘዋል፤ ጥፋቱንም በብሩ ላይ ያላክካል።

ከዚያ በኋላ ያለው አሠራር አጭር ነው። እንክብሉ ይገባል፣ ጌጡ ይገባል፣ ውሃ ከላያቸው አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ይጨመራል፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ሳሙና። ከዚህ የበዛ ሳሙና አረፋ ይሆንና እንክብሉን እንደ ፍራሽ ያቅፈዋል፤ ሁለት ሰዓት ዞሮም ጌጡ ደብዛዛ ሆኖ ይወጣል። ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት የበርሜሉን ከንፈር በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ግድ ነው። ከንፈሩ ላይ የቀረች አንዲት መርፌ ወይም የሳሙና ቅባት ውሃው ሌሊቱን ጠብ ጠብ እያለ ጠረጴዛውን እንዲያበሰብስ ትበቃለች። ክዳኑን መሃሉ ላይ ጫን ብላችሁ አየሩን አስወጡ፣ ብሎኑን በእጅ ብቻ አጥብቁ፤ በፒንሳ ያጠበቀ ሰው የጎማውን ክዳን አጣሞ የባሰ ያፈስበታል።

ሰዓቱ እንደ ዕቃው ነው። ሰንሰለት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ቀለበትና የጉትቻ መንጠቆ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃቸዋል። ከ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ለተሠራ መንጠቆ ተምብለሩ ሁለተኛ ጥቅም አለው፤ እንክብሉ እየመታ የሽቦውን ገጽ ስለሚያጠነክረው መንጠቆው ጆሮ ላይ ቶሎ አይጣመምም። ሽቦው 0.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ግን ራሱ ይጠማዘዛል። ረዥም ሰንሰለትም ብቻውን ሲገባ ተቋጥሮ ይወጣል፤ ሁለቱን ጫፎች በፕላስቲክ ማሰሪያ አንድ ላይ አስሮ ማስገባት ይህን ያስቀራል። ከሦስት በላይ ሰንሰለት በአንድ ዙር አታስገቡ፣ የታሰረም ቢሆን።

ተምብለር የማይሠራውን ማወቅ ከሚሠራው ይበልጣል። የሞረድ ጭረትን አያጠፋም፤ ያንኑ ጭረት አብርቶ ነው የሚያሳያችሁ። ብየዳ ያለበት ዕቃ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ በቁጥር 400፣ 600፣ 800 እየተባለ መለስለስ አለበት። ከመጠን በላይ ከቆየም ሹል ጠርዝ ይዶለዱማል፣ ጥቃቅን ቅርጽ ይደፈናል። ዱሮ በእጅ የተቀረጸ አበባ ያለበት ክፍል ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ እዚያ ላይ የሚጠፋው መስመር አይመለስም።

በዱሮ መልክ ለሚሠራ ሰው ማሽኑ ገንዘቡን የሚመልሰው በማጥቆሩ ሥራ ነው። ብሩን ሊቨር ኦፍ ሰልፈር በሚባለው ማጥቆሪያ አጥቁሮ፣ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ አጥቦ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተምብለር ውስጥ ማዞር ነው። እንክብሉ ከፍ ከፍ ያለውን ያበራል፣ ጎድጓዳው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ጌጡም ዓመታት የለበሰ ይመስላል። በእጅ ቢሠራ ለአንድ ጥንድ ጉትቻ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ነው፤ እዚህ ሃያ ጥንዱ አብሮ ይወጣል፣ ያውም አንዱ ከአንዱ ሳይለይ። ማጥቆሪያው ጄል ቢሆን ይሻላል፤ ደረቁ ድንጋይ ብርሃንና እርጥበት ከነካው ኃይሉን ያጣል። ማጥቆሪያው የሚሟሟበት ውሃ ትኩስ ይሁን እንጂ አይፍላ። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ልጆች ሌላ ክፍል ሳሉ ይሠራ። ከአሲድ ጋር መገናኘት ፈጽሞ የለበትም፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ከብየዳ በኋላ በሲትሪክ አሲድ የጸዳ ብር ወደ ማጥቆሪያው ከመግባቱ በፊት በቤኪንግ ሶዳ የሚታጠበውም ለዚሁ ነው።

አሲድ ተምብለሩም ውስጥ አይገባም። “ቶሎ እንዲያጸዳ” ብለው ኮምጣጤ ወይም ሎሚ የሚጨምሩ አሉ። በርሜሉ ጥብቅ ዝግ ነው፤ አሲድ ከዚንክ ወይም ከአሉሚኒየም ጋር ጋዝ ይሠራል፣ ጋዙ መውጫ የለውም። ቢቀል ክዳኑ ዘሎ ወለሉን ያርሳል፤ ቢከፋ ፊት ላይ ይፈነጠራል። በነገራችን ላይ አሉሚኒየም ያለ አሲድም ግራጫ ጭቃ ስለሚያወጣ ለብቻው እንኳ አታስገቡት።

ፈርጥ ያለበት ጌጥ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ጀርመናዊው የማዕድን አጥኚ ፍሬድሪሽ ሞዝ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጡት የጥንካሬ ልኬት ኳርትዝ 7 ነው። 7 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በብረት ጥርስ የተያዘ፣ ስንጥቅ የሌለው ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ተምብለሩን ይቋቋማል። ከዚያ በታች ያለው ይቅር። ቱርኩዊዝ ከ5 እስከ 6፣ ላፒስ 5 ገደማ፣ ማላካይት ከ4 በታች፣ ኮራልና ሉል ከዚያም የሳሱ፣ አምበር ደግሞ ከ2 እስከ 2.5 ነው፤ ብረት ይፈጫቸዋል። መረግድ በጥንካሬው ቢያልፍም ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ በዘይት የተሞላ ስለሆነ ሁለቱም ማሽኖች ይቅሩበት። በስሱ በወርቅ የተለበጠ ዕቃም ልብጡ ይበላል። ከክብደቱ ሃያኛው እጅ ወርቅ የሆነው ጎልድ ፊልድ የሚባለው ዓይነት ግን ለግማሽ ሰዓት ይታገሣል።

አሁን ወደ አልትራሶኒኩ። ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛሉ፤ የሚሠሩትም በ40 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 40,000 ጊዜ በመንቀጥቀጥ ነው። በውሃው ውስጥ የሚፈጠሩት ጥቃቅን አረፋዎች ሲፈነዱ ቆሻሻውን ከስንጥቅና ከቀለበት ሥር ገፍተው ያወጣሉ። በሰንሰለት መጋጠሚያ ውስጥ የተጋገረ የቆየ ቅባት፣ በቀለበት ፈርጥ ጀርባ የከረመ የሳሙና ክምችት ለማውጣት ተወዳዳሪ የለውም። ተምብለሩ ይህን ያህል ጥልቅ አይገባም፤ ይህ ሊካድ አይገባም።

ነገር ግን “አልትራሶኒክ” የሚል የተጻፈበት ሁሉ አልትራሶኒክ አይደለም። በባትሪ የሚሠሩት ርካሾቹ ብዙዎቹ ትንሽ ሞተር የሚያንቀጠቅጣቸው ሣህኖች ናቸው። መሞከሪያው የአሉሚኒየም ፎይል ነው። ቁራጩን ውሃው ውስጥ ታችኛውን ወለል ሳይነካ አንጠልጥላችሁ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ አስነሱ። ወጥቶ ሲታይ በመላው ገጹ ሽብሽብና መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካለበት ይሠራል። እንደገባ ከወጣ ዕቃውን መልሱ። አንድ ጥግ ብቻ የተበሳ ከሆነ ጌጡን ሁልጊዜ በዚያ ጥግ ማስቀመጥ ነው፤ በትንንሾቹ ዘንድ የተለመደ ነው።

ሌሎቹ ስህተቶች በአብዛኛው የትዕግሥት ናቸው። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ አየር ስላለበት ጌጥ ሳይገባ 5 ደቂቃ ማስነሳት ያስፈልጋል፤ አየሩ ሳይወጣ ሞገዱ ይደክማል። ውሃው 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ጌጡ በቅርጫቱ ይቀመጥ፣ ወለሉን አይንካ፤ የነካበት ቦታ ይጫጫራል፣ ወለሉም ይበላል። ባዶውን ማስነሳት ንዝረት የሚሰጠውን ክፍል ይሰነጥቀዋል። ሁለት ቀለበት ተነካክተው ከገቡ ፈርጦቻቸው ይፋጫሉ፤ አልማዝ አልማዝን እንደሚጭር መርሳት አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የዱሮ ዕቃ ግን ጀርባው ፎይል የተለጠፈበት የመስተዋት ፈርጥ ነው። ያ ፈርጥ የሚያበራው በራሱ አይደለም፤ ከኋላው ባለው የብር ቀለም ልባስ ነው። ውሃ ከኋላው ሲገባ ልባሱ ይላጣል፣ ድንጋዩም ዓይኑ እንደ ጠፋ ሰው ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በሙጫ የተያዘም ብዙ ነው፤ ሙቀቱና ንዝረቱ ሙጫውን ያላቅቀዋል። በጉልህ ማሳያ መነጽር ሲታይ ፈርጡ ዙሪያውን በቢጫ ሙጫ ከተከበበ፣ ወይም ጀርባው ተደፍኖ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ፣ ሁለቱም ማሽኖች አይነኩትም። እንዲህ ያለው የሚጸዳው ለስላሳ ብሩሽ በትንሽ ፈሳሽ ረጥቦ፣ ጌጡ ፊቱን ወደ መሬት ተደፍቶ ነው፤ ጠብታው ወደ ጀርባው እንዳይወርድ። ሉል፣ ኦፓል፣ ማርካሳይት የሚባሉት ጥቃቅን አብረቅራቂ ፈርጦችና ሴሉሎይድ የሚባለው የዱሮ ፕላስቲክም ከዚሁ ጎራ ናቸው።

ወደ አልትራሶኒክ የሚገባ ባለ ፈርጥ ቀለበት ሁሉ አስቀድሞ ጆሮ አጠገብ ተይዞ በጣት መታ መታ ይደረግ። የላላ ፈርጥ ትንሽ ቅጭልጭል ይላል፤ ዓይን ያላየውን ጆሮ ይሰማዋል። ያ ድምፅ እያለ ማሽን ውስጥ የገባ ፈርጥ ከቅርጫቱ በታች ነው የሚገኘው።

ስለ ጊዜ እንነጋገር፤ የቤቱ ጉዳይ ያ ነውና። ተምብለሩን መጫን 5 ደቂቃ፣ ማፍሰስ፣ ማለቅለቅና ማድረቅ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በመካከል ያለው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት የናንተ ነው። የልጆች የቤት ሥራ፣ ገላ ማጠብ፣ እራት፣ ሁሉም ይገባበታል። ሃያ ዕቃ ከተጫነ ለአንዱ የወጣው የእጅ ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ የሥራ ዋጋ ስትተምኑ የምትቆጥሩትም ይህን ነው እንጂ ማሽኑ የዞረበትን ሰዓት አይደለም። አልትራሶኒኩ በአንጻሩ አምስት ወይም ስድስት ዕቃ ይይዛል፤ በሦስት ደቂቃ ያልቃል፣ ታወጣላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። ሃያ ዕቃ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ከአጠገቡ አይነቃነቁም። ያ ግማሽ ሰዓት ሁለቴ በልጅ ከተቋረጠ አንድ ነገር ውስጡ ተረስቶ ይቀራል።

ድምፁ የተምብለሩ ዋና እንከን ነው። የጎማ በርሜል ሲሆን ከሩቅ የሚጎርፍ ውሃ ይመስላል፤ ፕላስቲክ ሲሆን በቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ በረዶ ነው፣ ከተኛ ሕፃን ጋር በአንድ ክፍል አይቻልም። የጎማ ምንጣፍ ከሥሩ ማንጠፍ ድምፁን ያለዝባል፤ ወፍራም ፎጣ ግን አይሁን፣ የሞተሩን መተንፈሻ ይደፍናል። ብዙዎቹ ማጥፊያ ሰዓት የላቸውም፣ አንዳንዶቹ ማብሪያ እንኳ የላቸውም፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ የሰዓት መቆጣጠሪያ ጨምሮ መግዛት ይገባል። 90 ደቂቃ ከተሞላበት ሰው አጠገቡ ባይኖርም ራሱ ይቆማል። ጌጡ ግን በእርጥቡ አይደር፤ ናስና መዳብ እስኪነጋ ይጠቁራሉ።

እርሳስ ስለሚባለው መርዛማ ብረት ሳይነገር ማለፍ አይቻልም። የዱሮ ርካሽ ጌጥ ብዙው ግራጫ፣ ከባድና ለስላሳ ከሆነ ቅይጥ የተቀዳ ሲሆን እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በጌጣጌጥ ውስጥ ያለው እርሳስ ከክብደቱ 0.05 በመቶ እንዳይደርስ ደንግጓል፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2013 በፊት ገበያ የወጣውን ግን ሕጉ አይመለከተውም፣ ስለዚህ የዱሮው ዕቃ ከመረቡ ውጭ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ተምብለር ውስጥ ከገባ ለስላሳው ብረት እንክብሉ ላይ ይቀባል፤ ከእንክብሉ ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ወደሚገባው የብር ጉትቻ ይሸጋገራል። በእርሳስ መመርመሪያ ጥጥ ያልተፈተሸ ግራጫ ቅይጥ ወደ በርሜሉ አይግባ፤ ለልጅ በሚሠራ ጌጥ ላይም ፈጽሞ አይዋል።

በመጨረሻ የማፍሰሱ ነገር። በርሜሉ በወንፊት፣ ወንፊቱም በሰፊ ሣህን ላይ ይገለበጥ፤ የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ላይ አይሁን፣ ወንፊቱም የምግብ አይሁን። ፍሳሹ የመዳብና የሌላም ብረት ዱቄት ያዘለ ነው። ከሣህኑ የፈናጠረች እንክብል ወለሉ ላይ ስትንከባለል መጀመሪያ የሚያገኛት እየዳኸ የሚሄድ ሕፃን ነው። ማግኔት እናምጣና እንልቀማት እንዳትሉ፤ ከማይዝገው ብረት ማግኔት የማይስበው ብዙ ነው። ከሣህኑ ሥር ነጭ አንሶላ አንጥፋችሁ ሥሩ። እንክብሉ ከታጠበ በኋላ ደርቆ በክዳን ማሰሮ፣ ልጅ በማይደርስበት መደርደሪያ ይቀመጥ። ከማሽኑ ጋር ሁለት መለዋወጫ ቀበቶ አብራችሁ እዘዙ፤ ቀበቶ የሚበጠሰው ትእዛዝ በተደራረበበት ሳምንት ነውና።